ተበዳይ፣ ተጎጂ፣ ተነሺ፦ ጉዳት የደረሰበት ሰው በየመዝገቡ የሚወጣለት ስም

በ2016 ዓ.ም. የካቲትና መጋቢት ፒያሳ ስትፈርስ፣ በተከታዩ ዓመት መግቢያ ላይም ተራው ካዛንቺስ ሲደርስ፣ ቤቱን ለቅቆ የሄደው ነዋሪ በመግለጫም፣ በዜናም፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወረቀትም ላይ የተሰጠው ስም አንድ ነበር፤ የልማት ተነሺ። ነዋሪው ግን ስለ ራሱ ሲያወራ ይህን ስም እምብዛም አይጠቀምበትም። ከካዛንቺስ ወደ ገላን ጉራ የሄደ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ቡና ሲጠጣ «ቤታችን ፈረሰብን» ወይም «አነሡን» ይላል። «ፈረሰብን» በሚለው ቃል መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለችው «ብን» ነገሩ የደረሰበትን ሰው ታሳያለች፤ «አነሡን» ደግሞ አንሺ እንዳለ ትናገራለች። «ተነሺ» ከእነዚህ ሁለቱ አንዱንም አያደርግም። ቃሉ ከመቀመጫው ብድግ ላለ፣ ወይም ለመንገድ ለተዘጋጀ ሰው የሚሆን ቃል ነው፤ የተነሣውም ያስነሣውም ራሱ ሰውዬው ይመስላል።

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» የሚለው አባባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ለምላስ ጥንቃቄ ነው። በከተማችን የቢሮ ሥራ ውስጥ ግን ከዚያ የጠበቀ ትርጉም አለው። ጉዳት የደረሰበትን ሰው የምንጠራበት እያንዳንዱ ቃል በአንድ መሥሪያ ቤት ካለ አንድ መዝገብ ጋር የታሰረ ነው፤ ተበዳይ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ ተጎጂ የዕርዳታ ዝርዝር ውስጥ ይገባል፣ ተነሺ ምትክ ቤትና ካሣ ይጠብቃል፣ ተፈናቃይ መጠለያ ይገባል፣ ሰማዕት ሐውልት ይቆምለታል። ስለዚህ ስለ እነዚህ ቃላት ስንነጋገር የትኛው ጨዋ፣ የትኛው ጸያፍ ነው በሚለው ላይ ብቻ ካተኮርን ዋናው ነገር ያመልጠናል። መጠየቅ ያለበት፣ አንድ ስም ጉዳቱን ያደረሰውን ወገን ያሳያል ወይ፣ ስሙን የያዘው ሰውስ በእሱ ምን ሊጠይቅበት ይችላል የሚለው ነው።

ተነሺን በዚህ ጥያቄ እንፈትነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት «የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው» ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አድራጊው በስሙ ተጠርቷል፣ የደረሰውም ነገር መፈናቀል ተብሏል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ከርዕሱ ጀምሮ «ተነሺዎች» ይላል። በሁለቱ ሕጎች መካከል ቃሉ ተለወጠ፤ የሚገርመውም የዚያው አዋጅ የእንግሊዝኛ ቅጂ በጦርነትና በግጭት ለተፈናቀሉ ሰዎች የሚውለውን ቃል እንዳለ መጠቀሙ ነው። በአገራችን ሕግ ደግሞ የበላይነት ያለው የአማርኛው ቅጂ ነውና፣ ልዩነቱን የፈጠረው አማርኛው ነው ማለት ይቻላል። የአፍሪካ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. በ2009 በካምፓላ የተቀበሉት፣ ኢትዮጵያም በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአገር ውስጥ ተፈናቃዮች ስምምነት በአንቀጽ 10 ላይ በልማት ፕሮጀክት ምክንያት ስለሚደርስ መፈናቀልም ይናገራል፤ ስምምነቱ ሁለቱን ዓይነት ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር አስገብቷቸዋል ማለት ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ የማይሆንበት ምክንያት አለ። ተፈናቃይ የሚለው ስም በአማርኛችን «ቀዬ» ከሚለው ቃል ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ስለ ተፈናቃዮች የሚወጣ መግለጫ ሁሉ መጨረሻው «ወደ ቀያቸው ለመመለስ» ነው። ስሙ ራሱ፣ ይህ ሁኔታ ጊዜያዊ ነው፣ ያልተዘጋ ፋይል አለ ይላል። የተነሺ ፋይል ግን ምትክ ቤቱ ወይም ካሣው በተፈረመበት ቀን ይዘጋል፣ የሚመለስበት ቀዬም የለም። ከፊቱ የምትቀድመው «የልማት» የምትለዋ ቅጽል ደግሞ ሌላ ሥራ ትሠራለች፤ በካሣው መጠን ወይም በተሰጠው ጊዜ ማጠር ቅር የተሰኘ ሰው ቅሬታውን ከመናገሩ በፊት ልማቱን እንደማይቃወም መማል ይኖርበታል። በወረዳ መስኮቶች ፊት የሚሰማው «ልማቱን አልተቃወምንም፣ ግን…» የሚለው አጀማመር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ አዋጁ ለንብረት ብቻ ሳይሆን ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳትም ካሣ እንዳለ አውቋል፤ ይህ በቀድሞው ሕግ ያልነበረ፣ ዕድር የተበተነበት ሰው ምን እንዳጣ የተረዳ ድንጋጌ ነው። ከፈረሱት ሰፈሮች ብዙዎቹ በአንድ የጋራ መጸዳጃ ቤት ስንት አባወራ የሚጠቀምባቸው እንደነበሩም የማያውቅ የመሐል አዲስ አበባ ሰው የለም። ክርክሩ ቤቶቹ መፍረስ ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም የሚለው አይደለም። ሕጉ ካሣን ከይዞታ ጋር ስላሰረው፣ «ተነሺ» የሚለው ስም ራሱ የማይደርሳቸው ሰዎች መኖራቸው ነው። በቀበሌ ቤት ውስጥ በደባልነት የኖረ፣ ከግለሰብ አንድ ክፍል የተከራየ፣ መንገድ ዳር ጉልት የነበራት፣ ደንበኞቿ ሁሉ በአንድ ሳምንት ወደ ዳር ከተማ የሄዱባት እንጀራ ጋጋሪ፤ እነዚህ ቤታቸው ወይም መሬታቸው በስማቸው ስላልተመዘገበ ከዝርዝሩ ውጭ ሲቀሩ ስም አልባ ይሆናሉ። የሕገ መንግሥቱ «ኑሯቸው የተነካባቸው» የሚለው ሐረግ እነሱን በትክክል ይገልጻቸው ነበር። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ አማርኛ እያለ በቢሮ ቋንቋ ውስጥ ቦታ አለማግኘቱ ያስቆጫል።

አሁን ወደ ልደታ፣ ወደ ፍርድ ቤቱ እንሂድ። በወንጀል የክስ ማመልከቻ ላይ የሚገኘው ስም «የግል ተበዳይ» ነው። አቀራረቡን አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም፦ ተከሳሽ በዚህ ቀን፣ ከቀኑ በዚህ ሰዓት ሲሆን፣ በአራዳ ክፍለ ከተማ ልዩ ቦታው እንዲህ ተብሎ በሚጠራው ስፍራ፣ የግል ተበዳይን በቦክስ በመምታት ጉዳት ያደረሰባቸው በመሆኑ ተከሷል። አረፍተ ነገሩ እንደ ሰንሰለት የረዘመ ቢሆንም ከምንጽፋቸው ጽሑፎች ሁሉ አድራጊና ተደራጊን በእኩል ግልጽነት የሚያስቀምጥ እሱ ነው። ተበዳይ በዳይን ይጠራል፤ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም። ቃሉ ጉዳት ስለ መኖሩ ብቻ ሳይሆን ጉዳቱ የማይገባ ስለ መሆኑም ፍርድ ይሰጣል።

ይሁን እንጂ ተበዳይ ችሎት ውስጥ ሲገባ ስሙ ይቀየራል። ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነውና እሱ ወይም እሷ የዐቃቤ ሕግ አንደኛ ምስክር ይሆናሉ፤ ቃላቸውን ሰጥተው፣ መስቀለኛ ጥያቄ ተጠይቀው ይወጣሉ። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 154 የተበደለው ሰው በዚያው የወንጀል መዝገብ ላይ ካሣ እንዲወሰንለት ማመልከት እንደሚችል ቢፈቅድም፣ በተግባር ብዙው ሰው የሚሰማው መልስ «በፍትሐ ብሔር ጠይቅ» የሚል ነው። «የግል» የምትለዋ ቅጽልም ብትሆን ዋናው ተበዳይ ሌላ፣ ማለትም መንግሥት ወይም ሕዝብ መሆኑን በዝምታ ትጠቁማለች።

ከፍርድ ቤት ውጭ፣ በሽምግልናው ሥርዓት፣ ተበዳይ የተሻለ ወንበር አለው። ሽማግሎች ሲቀመጡ የሚያጣሩት ማን በዳይ፣ ማን ተበዳይ እንደሆነ ነው፤ ተበዳዩ «ይቅር ለእግዜር» ካላለ ዕርቁ ዕርቅ አይባልም። በገጠሩ የደም ጉዳይ ደግሞ የሟች ወገን «ባለደም» ይባላል፤ ባለቤት፣ ባለመብት፣ ባለዕዳ እንደምንል ሁሉ የሞተው ሰው ደም ባለቤት አለው ማለት ነው። ይህን የምጠቅሰው የደም መመለስን ልማድ ለማወደስ አይደለም፤ ስንቱን ቤት እንደዘጋ የታወቀ ነው። ነገር ግን የቃሉ አሠራር የሚጠቅመን ትምህርት አለው፦ የተጎዳው ወገን በዚህ ስም ሲጠራ እጁን ዘርግቶ የሚቀበል ሰው ሳይሆን የሚጠይቅ ሰው ሆኖ ይታያል። ሽምግልናውም የራሱ ጉድለት አለው፤ «ተይ ይቅር በይ» የሚለው ጫና የሚያርፈው ሁልጊዜ በተበዳዩ ላይ፣ ይልቁንም ተበዳይዋ ሴት ስትሆን ነው።

«ተጎጂ» ሌላ ዓይነት ቃል ነው። በጥቅምት 2017 በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት በተነሣ ጊዜ ዕቃቸው የተቃጠለባቸው ነጋዴዎች የእሳት አደጋ ተጎጂዎች ተባሉ፤ ትክክል ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር የጎርፍ ተጎጂ እንላለን፣ የመኪና አደጋ ተጎጂ እንላለን። ጎርፍ አይከሰስም። ቃሉ በዳይ ላልተገኘበት ወይም ለሌለበት ጉዳት የተመቸ ነው። ችግር የሚመጣው ሰው በሰው ላይ አስቦ ላደረሰው ነገርም ይህንኑ ቃል ስንሰጥ ነው፤ የተገደለና የተዘረፈ፣ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው «የግጭቱ ተጎጂ» ሲባል ግጭቱ ልክ እንደ ጎርፍ ከላይ የወረደ ይመስላል። ባለፉት ዓመታት በይፋዊ ንግግር ውስጥ ተበዳይ የሚለው ቃል እየሳሳ፣ ተጎጂ እየበዛ ሄዷል ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህ ምክንያቱ ክፋት ብቻ አይመስለኝም። ተበዳይ ያለ ሰው በዳዩን እንዲናገር ይጠየቃል፣ ያንን መናገር ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል።

አንድ ስም ምን ያህል በር እንደሚከፍት ለማየት ከእኛው ሰማይ የጀመረ፣ በሩቅ አገር ችሎት የታየ ጉዳይ አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ የ157 ሰዎች ሕይወት ጠፋ። ከሳምንት በኋላ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለ17ቱ ኢትዮጵያውያን የቀብር ሥነ ሥርዓት ሲፈጸም ሣጥኖቹ ባዶ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከአውሮፕላኑ አምራች ከቦይንግ ጋር ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ስምምነት አድርጎ በኩባንያው ላይ ያቀረበውን የወንጀል ክስ ሲያዘገይ የሟቾቹን ቤተሰቦች አላማከረም። የሚኒስቴሩ መከራከሪያ፣ ኩባንያው የተከሰሰው የአሜሪካን የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በማታለል ስለሆነ የአውሮፕላኑ ሟቾች በሕጉ ትርጉም የዚህ ወንጀል ተበዳዮች አይደሉም የሚል ነበር። ቤተሰቦቹ ለአንድ ስም ተከራከሩ፤ የቴክሳሱ ዳኛም በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. ሟቾቹ የወንጀል ተበዳዮች ናቸው ሲሉ ወሰኑ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቦቹ በችሎት ቆመው የኩባንያውን ተወካዮች ፊት ለፊት እያዩ መናገር ቻሉ። በየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ዳኛው ስምምነቱን የመሻር ሥልጣን የለኝም ማለታቸው እውነት ነው፤ ስሙ ሁሉን አላስገኘም። ነገር ግን ሐዘንተኛ ብቻ ሆነው ቢቀሩ ኖሮ የችሎቱ በር አይከፈትላቸውም ነበር።

ስለ ሴቶች ጉዳይ ስንመጣ ቃላቱ የበለጠ ይከብዳሉ። «ድንበር ተደፈረ»፣ «ሕግ ተደፈረ» ስንል ነውሩ የደፋሪው እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም፤ በተደፈረው ድንበር የሚያፍር የለም፣ ደፋሪውን ለመመለስ ይዘመታል እንጂ። ይኸው ግሥ ሴት ላይ ሲውል ግን ኀፍረቱ ወደ እሷ ይዞራል፤ «ክብሯን አጣች» ይባላል፣ እሷ የጣለችው ነገር እንዳለ ሁሉ። ይህ አስተሳሰብ በሕግ መጽሐፍ ውስጥም ነበረ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 599 ላይ አስገድዶ የደፈረ ወይም የጠለፈ ሰው ተበዳይዋን ካገባ ከክስ የሚድንበት መንገድ ነበረው። የዚያ ሕግ ዓይን የሚያየው የተበላሸ የጋብቻ ዕድልን እንጂ የተበደለችን ሰው አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ሥራ ላይ የዋለው የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋ፤ ጋብቻ የጠለፋን ተጠያቂነት እንደማያስቀር በግልጽ ጻፈ።

በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሐኪሙን፣ ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉንና የሥነ ልቦና ባለሙያውን በአንድ ግቢ ያሰባሰበው ጥቃት የደረሰባት ሴት ወይም ሕፃን ታሪኳን በየቢሮው እየደጋገመች እንዳትናገር ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ እንኳ አንዲት ሴት በአንድ ጠዋት በካርድ ክፍል ታካሚ፣ በፖሊስ መዝገብ የግል ተበዳይ፣ በምክር አገልግሎቱ ደግሞ ተገልጋይ ትሆናለች። በዘርፉ የሚሠሩ ድርጅቶች «ተጠቂ» የሚለውን ቃል ሸሽተው «ከጥቃት የተረፈች» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ስብሰባ ላይ ሲሆኑ ደግሞ በቀጥታ «ሰርቫይቨር» ይላሉ። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ሰውዬዋ ከደረሰባት ነገር በላይ መሆኗን ለመናገር። «ከጥቃት የተረፈች» የሚለው ሐረግ ጥሩ አማርኛ ነው። ሐረጉን አሳጥሮ «ተራፊ» ማለት ግን ለጆሮዬ አልጣመኝም፤ ትራፊ ምግብ ከማለት አንድ ፊደል ብቻ ነው የሚለየው። ደግሞም ሁሉም ሴት በተመሳሳይ ስም መጠራት አትፈልግም። አንዷ ከዚያ ቀን መትረፏን መናገር ትወዳለች፤ ሌላዋ ጉዳዩ ገና ችሎት ላይ ስለሆነ ተበዳይ መሆኗ እንዲጻፍላት ትፈልጋለች፤ ሦስተኛዋ ከስሟ ሌላ ስም አትሻም። በዚህ ላይ ባለሙያው ከመወሰኑ በፊት እሷን መጠየቅ ይቻላል።

እግረ መንገዴን፣ ለእነዚህ ሴቶች የተቋቋሙ መጠለያዎች አንዳንድ ጊዜ ማረፊያ ይባላሉ፤ «ማረፊያ ቤት» ደግሞ በፖሊስ ቋንቋ ተጠርጣሪ የሚታሰርበት ክፍል ነው። አማርኛ እንዲህ ያለ ቀልድ ያውቃል።

የዜና አማርኛ ለብቻው ጽሑፍ ይገባው ነበር፤ እዚህ ሁለት ነገር ብቻ ላንሳ። አንደኛው «ሕይወታቸው አለፈ» ነው። ይህ አነጋገር ድሮ በሕመም ወይም በዕድሜ ለሞተ ሰው የሚባል፣ የሟችን ቤተሰብ የሚያጽናና ጨዋ ቃል ነበር። ዛሬ በጥይት ለተገደለ ሰው ይባላል፤ «በአካባቢው በተከሰተው የጸጥታ ችግር የሰዎች ሕይወት አለፈ» የሚል ዜና ስንሰማ ገዳይ የለም፣ ግድያም የለም፣ ችግሩ ተከሰተ፣ ሕይወትም አለፈች። አንባቢው ምንም ውሸት አልተነገረውም፤ ምንም ነገርም አልተነገረውም።

ሁለተኛው «ንጹሃን» ነው። በጦርነት የማይሳተፍን ሰው ንጹሃን ዜጎች ማለት በአዘኔታ የመጣ ልማድ ነው፤ ልብ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1949 በወጡት የጄኔቫ ስምምነቶች መሠረት ግን አንድ ሰው ከጥቃት የሚጠበቀው በውጊያው የማይሳተፍ በመሆኑ ነው፤ ንጽሕናው አይመረመርም። የታጣቂው እናት፣ ለታጣቂ ውኃ ያቀበለ ገበሬ፣ በልቡ አንዱን ወገን የሚደግፍ የሱቅ ባለቤት ሁሉም በዚህ ጥበቃ ውስጥ ናቸው። ንጹሃን ባልን ቁጥር ግን ሳናስበው ፈተና እናወጣለን፤ ወዲያውም ከአስተያየት ሰጪዎች አንዱ «እነሱ ንጹሃን ናቸው እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ጥያቄው ከተነሣ በኋላም ሟቹ ከሞቱ በላይ የጠባይ ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በሪፖርቶቹ ውስጥ «ሲቪል ሰዎች» ማለቱ ለዚህ ይመስለኛል፤ ቀዝቃዛ ቢሆንም፣ ሟቹን ፈተና የማያስቀምጥ ቃል ነው። «ሰላማዊ ሰዎች» ብንልም ያስኬደናል።

«ሰለባ» የሚለውንም እንዲሁ ሳናስብ እንጠቀምበታለን፤ የጦርነት ሰለባ፣ የሙስና ሰለባ፣ የደላላ ሰለባ። የቃሉ ሥር ግን ገዳይ ከገደለው ወይም ካሸነፈው ላይ ገፍፎ የሚወስደው ምርኮና ግዳይ ነው። ስሙ የተጎዳውን ሰው የሚያየው በገዳዩ ዓይን ነው፤ ስለዚህም ይመስለኛል ማንም ስለ ራሱ ሲናገር «እኔ ሰለባ ነኝ» ሲል የማይሰማው።

ከሰለባ በተቃራኒው ጫፍ ሰማዕት ይገኛል፤ እሱን ለማየት ስድስት ኪሎ መሄድ ይበቃል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጠዋት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ባለበት ግቢ፣ የተሰበሰቡት በአብዛኛው ነዳያን ነበሩ። ግራዚያኒ የኢጣሊያን አልጋ ወራሽ ልጅ መወለድ ምክንያት አድርጎ ምጽዋት ሊሰጣቸው ጠርቷቸው ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ከወረወሩ በኋላ የመጀመሪያው ተኩስ የወረደባቸው በዚያው ግቢ ውስጥ የተዘጉት ድሆች ላይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግድያው ለሦስት ቀን በከተማው ሙሉ ተስፋፋ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30 ሺሕ ያደርሰዋል። ጠዋት ነዳይ ተብሎ የተጠራው ሰው ዛሬ በሐውልቱ ሥር ሰማዕት ነው። ክብሩ ይገባዋል፤ ነገር ግን ሰማዕት ለእምነቱ መስክሮ፣ ሞትን እያየ የሄደ ሰው ስም ነው። ያ ድሃ ለምጽዋት ወጥቶ የተገደለ ሰው ነው። ሰማዕት ስንለው መርጦ የሞተ እናደርገዋለን፤ ያላሰበው መሥዋዕትነት ይሰጠዋል፣ የተነፈገው ፍትሕ ግን አይሰጠውም።

ፍትሑም በእርግጥ አልመጣም። ግራዚያኒ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950 በአገሩ ፍርድ ቤት የ19 ዓመት እስራት የተፈረደበት ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ ነበር፤ በአዲስ አበባ ስለሠራው የተጠየቀበት ችሎት የለም፣ ከዚያም እስራት ጥቂት ወራት ብቻ ታስሮ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ አፊሌ በተባለች የኢጣሊያ ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። እኛ ሰማዕታት ያልናቸውን የትኛውም ፍርድ ቤት ተበዳዮች አላላቸውም።

ሰማዕት የሚለው ስም ሌላም ጣጣ አለው፤ ሁልጊዜ ሥልጣን የያዘ ወገን የሚሰጠው ስም ነው። በቀይ ሽብር ዘመን የተገደለው ወጣት በደርግ አፍ አናርኪስት ነበር፤ የተወሰደበትም «አብዮታዊ እርምጃ» ነው፤ እናቱ በግልጽ እንዳታለቅስ ትከለከል ነበር። ደርግ ለራሱ ሟቾች ነበር ሰማዕት የሚለውን የሚያስቀምጠው። መንግሥት ሲለወጥ ስሞቹም ቦታ ተለዋወጡ፤ መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው ሙዚየም የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ተባለ። በዚያ ሙዚየም ውስጥ በግድግዳ ላይ የተደረደሩትን ጉርድ ፎቶግራፎች ያየ ሰው አብዛኞቹ የተማሪ ፊት እንደሆኑ ያያል። የእነሱ ጉዳይ ከየካቲት 12ቱ የሚለየው ችሎት በማግኘቱ ነው፤ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበትና ሌሎች የደርግ ባለሥልጣናትን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሏል። ሰማዕትነቱ መታሰቢያ አስገኘ፣ ተበዳይነቱ ፍርድ አስገኘ። በተቃራኒው ወገን፣ በከተማ ትጥቅ ትግል የተገደሉ የቀበሌ ሹሞችና ተራ ሰዎች ቤተሰቦች ግን በሙዚየሙም በመዝገቡም ስማቸው ሲፈለግ አይገኝም፤ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚባለው በሁለቱም ቤት ነው።

ይህ ሁሉ ዛሬ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ የወንጀል ክስን፣ እውነት ማፈላለግን፣ በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ምሕረትን፣ ማካካሻንና የተቋማት ማሻሻያን በአንድ ላይ ይዟል፤ በሁሉም ውስጥ ዋናው ሰው «ተጎጂ» ነው። ቃሉን የመረጡበት ምክንያት ይገባኛል። ብዙ ጉዳት በደረሰበት አገር፣ በዳዩ ማን እንደሆነ ገና ባልታወቀበት፣ አንድ ሰው በአንድ ቀዬ ተበዳይ በሌላው በዳይ በሆነበት ሁኔታ፣ ተጎጂ ሰፊ በር ነው፤ ሁሉንም ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ1985 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያወጣው መግለጫም አንድ ሰው ተበዳይ ለመባል በዳዩ መታወቅ፣ መያዝ ወይም መፈረድ እንደማያስፈልገው፣ የቅርብ ቤተሰቡም በዚያ ትርጉም ውስጥ እንደሚገባ ተናግሯል። ይህ መልካም መርሕ ነው። ነገር ግን በዳዩ አለመታወቁ አንድ ነገር ነው፣ አለመጠየቁ ሌላ። ተጎጂ የሚለው ቃል እውነት ከማፈላለግ ይልቅ ማካካሻ ከማከፋፈል ጋር ብቻ ከተጣበቀ፣ ሰዎቹ የዱቄትና የብርድ ልብስ ተሰላፊ ሆነው ይቀራሉ፤ የመጡት ግን ሊናገሩ ነበር።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚዘጋጀው የምዝገባ ቅጽ ከፖሊሲው ጽሑፍ ያላነሰ ክብደት አለው። ቅጹን የሚያረቅቁት ባለሙያዎች «የተጎጂ ስም» እና «የጉዳት ዓይነት» ከሚሉት ዓምዶች ቀጥሎ ማን እንዳደረሰው የሚጠይቅ ዓምድ ማስቀመጥ ይኖርባቸዋል፤ መልስ ያልተገኘለት እንደሆነ ባዶውን ይቀመጥ እንጂ ዓምዱ አይውጣ። ይዞታ የሌላቸው፣ ከዝርዝሩ ውጭ የቀሩ፣ ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎችም የሚጻፉበት መስመር ያስፈልጋል። የመዝጋቢው ሥራ አስቀድሞ በታተመ ስም ሰውን ከመጥራት ይልቅ «ምን ደረሰብዎ?» ብሎ መጀመር፣ የሚሰማውንም በተናጋሪው አነጋገር መጻፍ ነው፤ «አነሡን» ካሉ አነሡን፣ «ገደሉብኝ» ካሉ ገደሉብኝ።